ወር ሳይመርጡ የመጡት እናት

ከደጋ ወላጁን ወይም እጮኛውን ሊያስመጣ ያሰበ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚያማክረው ኃይለጊዮርጊስን ነበር። ኃይለጊዮርጊስ በጥገናው ክፍል የፉርጎ ፍሬን የሚያበጅ፣ ከመንዝ የመጣ፣ ቁመተ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። ስለ ወራት ሲጠየቅ ብቻ አፉ ይፈታል።

«ጋሼ ኃይሌ፣ አባቴን በመስከረም ላስመጣቸው ብዬ ነበር።»

«በመስከረም? ልትቀብራቸው ነው? ወባው ገና ከደቻቱ ወንዝ ዳር አልለቀቀም።»

«በሚያዝያስ?»

«በሚያዝያ ተራራው ላይ ይዘንብና እዚህ ጠራራ ፀሐይ ሳለ ደቻቱ ይሞላል። ደረቅ አሸዋ ነው ብለው ሲሻገሩ ጎርፉ ይወስዳቸዋል። ግንቦትና ሰኔን ደግሞ አታንሣብኝ፤ ፈረንጆቹ እንኳ ሚስቶቻቸውን ሐረር የሚሰዱበት ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አምጣቸው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ የሰው አገር ናት።»

ምክሩ እውነት ነበር። በእሱ ምክር ስንት አባትና እናት በደኅና መጥተው፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተንሸራሽረው፣ ዘይቱንና ጊሽጣ በልተው በደኅና ወደ ደጋቸው ተመልሰዋል። የራሱ እናት ግን አልመጡም።

ኃይለጊዮርጊስ ከአገሩ የወጣው ጣሊያን በለቀቀ ማግሥት፣ ጺሙ ሳያቀመቅም ነው። ሥራ ያዘ፣ ቤት ያዘ፣ ኋላም ዚነትን አገባ። ዚነት ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የዋሂል ገበሬ ልጅ ናት፤ መጋላ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ነው ያያት። እሱ ማተቡን አልበጠሰም፣ እሷም ሶላቷን አልተወችም። በግቢያቸው ይህ ማንንም አያስገርምም፤ አንዱ ቤት ገብርኤልን ሲዘክር የጎረቤቱ ቤት መውሊድ ያወጣል፣ ሳህኑም ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እናቷ ዓናብ ትላታለች፣ አባቷ ሽታዬ ይላታል፤ ልጅቷም ለሁለቱም አቤት ትላለች።

መንዝ ግን ግቢው አይደለም። እናቱ ወይዘሮ የሺአረግ ጾም የማይሽሩ፣ ከእስላም ቢላ የወጣ ሥጋ ለዓይናቸው የሚጠየፉ ሴት ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። «ልጄ ሰለመ» ብለው ማቅ ሲለብሱ ይታየዋል። ስለዚህ ጨርቅ ሊገዛ ወደ ድሬዳዋ በሚመላለሰው በአገሩ ልጅ በገብረወልድ በኩል የላከው ቃል «ከአንዲት እስላም ሴት ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ደኅና ነኝ» የሚል ሆነ። ገብረወልድንም ቤቱ አምጥቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ለገሃር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀብሎ ከዚያው ይሸኘዋል።

እናቱ በየዓመቱ ያንኑ ይልካሉ። «ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልየው። በየትኛው ወር ልምጣ?»

እሱም መላ አበጀ። በጾመ ነቢያት ይምጡ! አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ደግሞም ጾም ስለሆነ ሥጋ አይቀርብም። ሥጋ ካልቀረበ ማን አረደው የሚል ጥያቄ የለም። ዚነት አከራይ ሆና ትቆያለች፣ እሳቸው ልጃቸውን አይተው፣ ጾማቸውን ጾመው ይመለሳሉ። መላውን ለዚነት ሲነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እኔ አከራይ ልሆን?»

«ለጥቂት ቀን ነው።»

«ዓናብስ? እሷም ታከራያለች?» አለችና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቃትም።

ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ረመዳን ወደ ኋላ እየተሳበ ከጥር ታኅሣሥ፣ ከታኅሣሥም ኅዳር እየገባ ነበር። በረመዳን ደግሞ ቤቱ ሌላ ቤት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያፈጥራል፤ እሱም ከመሐል ተቀምጦ ሳምቡሳውን ያነሣል። ይህን እናቱ እንዴት ይዩት? «ዘንድሮ አይሆንም፣ ለከርሞ በኅዳር» ብሎ ላከ። ከርሞም መጣ፣ ረመዳንም አብሮ መጣ። «ዘንድሮ ሥራ በዝቷል፣ ለከርሞ።» እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሄደ።

በሥልሳ ዓመተ ምሕረት ግንቦት፣ ድሬዳዋ የብረት በር በእጅ የማይነካባት ሰሞን፣ መኢሶ ላይ ፉርጎዎች ተበላሽተው ኃይለጊዮርጊስ ከሥራ ጓደኛው ከወርሳሜ ጋር ለጥገና ተላከ። ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ጨርሰው ወደ ቤት ተሳፈሩ። ሁርሶ ጣቢያ ሲደርሱ ባቡራቸው ከድሬዳዋ የሚመጣውን ሊያሳልፍ ቆመ። ኃይለጊዮርጊስ ሽርጡን አርጥቦ ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ሌላው ባቡር መጥቶ ጎናቸው ቆመ።

ወርሳሜ ተወልዶ ያደገው አይሻ በረሃ ነው፤ ሙቀት ማለት ለእሱ ቀልድ ነው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሳቀ።

«ዋርያ! ኃይሌ! ተነሥና እይ። አንዲት አሮጊት በዚህ እሳት ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች! ወላሂ የአንተ አገር ሰው ናት።»

ኃይለጊዮርጊስ ሽርጡን ከፊቱ ሳያነሣ፣ «ወር ሳትመርጥ የመጣች ናት» አለ።

«ላብ እንኳ የላትም አቦ። አጠገቧ ከተቀመጠው ሰውዬ ጋር እየሳቀች ነው።»

«ተወኝ ልተኛበት።»

ያኛው ባቡር ነፋ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ሄደ።

ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አልጋው ላይ የተነጠፈውን ባና ነው። የመንዝ በግ ጠጉር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወፍራም፣ ጭስ ጭስ የሚሸት። እናቱ ፈትለው ካስሠሩት በቀር እንደዚያ ያለ ባና በዓለም የለም። እጁን ጫነበት።

«መጥተው ነበር» አለች ዚነት። በሩ ላይ ቆማ ነው፣ አልገባችም። «ከገብረወልድ ጋር። ከለገሃር ሰው ጠይቀው መጡ። ‹ልጄ ወር ሲመርጥልኝ ልሞትበት ነው› አሉ። አንተን ጠበቁ። ሰውየው የሚመለስበት ቀን ደረሰና ዛሬ ጧት ሸኘኋቸው።»

«ዛሬ ጧት?»

«ባቡሮቹ ሁርሶ ሳይተላለፉ አይቀሩም።»

ተቀመጠ። ከዚያ የጠየቀው ነገር እሱንም ኋላ ያሳፈረው ነበር።

«ምን ነሽ አልሻቸው?»

«ገና ሲገቡ ‹አከራዩ አንቺ ነሽ?› አሉኝ። አዎን እማማ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አንተ የሰጠኸኝ ስም እሱ ነው።»

ቀስ በቀስ ሁሉን ነገረችው። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ ከወራት ሁሉ እሱ አብዝቶ የሚፈራው። ዚነት ግን ከገበያ አዲስ ድስት ገዛች፣ ዶሮ ገዛች፣ ዶሮውንም እዚያው ግቢ ላለው ክርስቲያን ጎረቤት ወስዳ አሳረደች። እሳቸው ራሳቸው እንዲሠሩት ከነድስቱ ፊታቸው አቀረበችላቸው። እሳቸውም ሠሩት። ዓናብ በወጡ ሽታ ተስባ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። አሮጊቷ ለልጅቷ ሊያጎርሱ እጃቸውን ዘረጉና ቆም አሉ።

«ይህ ለእናንተ አይሆንም አይደል?» አሉ ወደ ዚነት ዞር ብለው።

«አይሆንም እማማ። እርስዎ ይብሉ፣ እኛ ኋላ ሽሮ እንበላለን።»

«ሽሮ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል! ሽሮ ማን አርዶት ያውቃል? አምጪው፣ አብረን እንብላ።» ድስቱን አንሥተው ለዚያ ላረደው ጎረቤት ላኩለት። ከዚያ እስኪሄዱ ድረስ ሦስቱ ከአንድ ገበታ ሽሮ በሉ።

ሙቀቱንም ቢሆን አላማረሩትም። ማታ ማታ ዚነት ግቢው ላይ ውኃ ረጭታ አልጋ ታወጣላቸዋለች። «እኛ ዘንድ ውጭ የሚተኛ ሌባ ጠባቂ ነው» ብለው ስቀው ከዓናብ ጋር ተኙ። ሁመር የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ በውኃ በጥብጣ ስትሰጣቸው ፊታቸውን አጨማድደው ጠጡና «ጉልበቴን ፈታው፤ ይኸው ያለ ምርኩዝ ቆምኩ። ይህን አገር ነው ይገድላል የሚለኝ?» አሉ።

«በመጨረሻው ቀን ዓናብን እግሯን አጠቧት» አለች ዚነት። «ከአውራ ጣቷ ቀጥሎ ያለችውን፣ ያቺን ረዘም ያለችውን ይዘው ቆዩ። የአንተን እግር ትመስላለች አይደል። ምንም አላሉም። ሳሟትና በነጠላቸው አደረቁላት።»

ኃይለጊዮርጊስ የዚያኑ ቀን ሊከተላቸው ፈለገ። ፈቃድ አልነበረውም። ከዚያ ክረምቱ ገባና የመንዝ መንገድ ተዘጋ። ኅዳር ሲመጣ ግን ሄደ። አሁን እናቴን ራሴ አመጣታለሁ፣ ሚስቴን ሚስቴ ብዬ፣ ልጄን ልጄ ብዬ አስተዋውቃታለሁ እያለ፣ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ንግግሩን ሲያሰናዳ ሄደ። ዚነት ተምርና አንድ ስስ ድሪያ፣ የቆላ ሴቶች በሙቀት የሚለብሱትን ያንን ሰፊ ቀሚስ፣ ጠቅልላ ሰጥታዋለች።

እናቱ እሳት ዳር ተቀምጠው ሲፈትሉ ደረሰ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ከመደብ ወደ ደጅ የሚወጡት በሰው ትከሻ ነው። ድሬዳዋ መሄድ ቀርቷል። ድሪያውን ዘርግተው በእሳቱ ብርሃን አዩት፤ ማዶውን ያሳያል።

«ማን ነው የላከልኝ?»

«እዚያ… ያረፍሽበት ቤት… እሷ ናት።»

«አከራይህ?»

«አዎ እማዬ።»

ድሪያውን በወፍራም ቀሚሳቸው ላይ አጠለቁት። እጅጌው ውስጥ ጠፉ፤ ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉና አዩት። «በእኛ አገር አከራይ ልብስ አይልክም። የእናንተ አገር አከራይ ደግ ነው።»

«ደግ ናት፣ እማዬ።»

«ልጇስ?»

እዚህ ላይ ንግግሩ ሁሉ አፉ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ጎረቤት አልገባ፣ ውሻ አልጮኸ፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እናቱም እንዝርታቸውን አቁመው ይጠብቁ ነበር።

«ልጇም ደኅና ናት» አለ።

እናቱ እንዝርቱን አሾሩት። «በል፣ ኪራዩን እንዳታጓድልባት» አሉ።

ድሬዳዋ ሲመለስ ዚነት ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ጠየቀችው።

«ነገርካቸው?»

«ብርድ ነበር» አለ ኃይለጊዮርጊስ። «የዘንድሮ ብርድ ሌላ ነው።»

«ብርድ አፍ ይዘጋል እንዴ?» አለችና ውኃ ልታመጣለት ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቃው አታውቅም።

መርዶው የመጣው በሚቀጥለው ሰኔ ነው። ገብረወልድና ሌሎች የአገሩ ልጆች ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። ኃይለጊዮርጊስ ሲያያቸው ሳይነገረው ገባው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ የመቀመጫ ምንጣፍ አልበቃ ሲል ዚነት ባናውን ከአልጋው ገፍፋ መሬት ላይ አነጠፈችው። እሷም ፀጉሯን ፈትታ አንድ ጥግ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዓናብ እናቷ ስታለቅስ አይታ አለቀሰች።

ልቅሶው በረድ ሲል ገብረወልድ ወደ ሴቶቹ ተመለከተ። ኃይለጊዮርጊስ አየው። የሚጠይቅ መሰለውና፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረ።

«ገብረወልድ፣ እሷ አከራዬ አይደለችም። ሚስቴ ናት። ያቺም ልጄ ናት።»

ገብረወልድ ግራ ገብቶት አየው።

«እሱንማ እናውቃለን እኮ» አለ። «እቴቴ የሺአረግ አምና እዚህ ደርሰው ሲመለሱ ለማኅበሩ ሁሉ ነግረዋል። ‹ድሬዳዋ ምራት አለችኝ፣ ከእጇ ሽሮ በልቻለሁ› ይሉ ነበር። የልጅቷንም እግር ስንቴ አነሡት። በሰው ትከሻ ተደግፈው ክርስትና ሲሄዱ እንኳ ያን ስስ ቀሚስ ለብሰው ነበር፣ ሰው ሲስቅባቸው ‹ምራቴ ናት የላከችልኝ› እያሉ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምለውኝ! ‹እሱ ራሱ ይንገረኝ፣ እናንተ እንዳትቀድሙት› ብለው።»

ፀሐይ ወጣች፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀቱ መንጫጫት ጀመረ። በሩ ላይ የቆመው ወርሳሜ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሁርሶ ላይ ያያትን ባለ ጋቢ አሮጊት አስታውሶ ይሆናል። ኃይለጊዮርጊስ በዚያ የሰኔ እሳት በወፍራሙ ባና ላይ ተቀምጦ ላቡ ከፊቱ ይወርድ ነበር፤ አላበሰውም። ዚነት የሁመር ውኃ ይዛ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ጠጣ» አለችው። «ዛሬ ይሞቃል።»