የታንኳው ጋሪ

ታላቅ ወንድሜና እኔ ታንኳችንን ከሐይቁ እያወጣን የምንጭንበት ጋሪ ልንመርጥ ከጎርጎራ ጎንደር ገበያ ሄድን። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ ደረቅ ቦታ ወስደው ካላሰጡት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። እኔ የእንጨት እግር ያለውን፣ ቀለም የተቀባውን ጋሪ ወደድሁ።

«ምነው፣ ሙሽራ ልትጭንበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ የጣሊያን ማኪና ጎማ የተገጠመለትን መረጠ። «ይኸ ሸጋ ነው፤ ድንጋዩን ይችለዋል።»

ከሰዓት በኋላ እሱ የመረጠውን ገዝተን በጭነት ማኪና ተመለስን። ሲመሽ ወንድሜ መረቡን ሊያነሣ ብቻውን ሐይቁ ገባ። ማዕበል ተነሣና ሰጠመ፤ ሬሳውን ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ታንኳው ባዶውን ዳር ደረሰ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ለቀብር ሰው ሳይሰበሰብ፣ ጋሪውን ይዤ ወረድሁ። የታንኳውን አንድ ጫፍ አነሣሁና፣ ወንድሜ ሌላውን እስኪያነሣልኝ ቆሜ ጠበቅሁት።