ልጄን ፍለጋ እስከ አሮጌው የጦር መርከብ

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከቴክሳሷ ከተማ ከዩለስ ስነሳ የት እንደምሄድ የነገርኩት ሰው አልነበረም። ኤርፖርት አብሮኝ ሻንጣ የሚጭን ባልደረባዬ ቀኑን ቀይሮልኛል፤ ለእሱም "ጉዳይ አለኝ" ብቻ ነው ያልኩት። ጉዳዬ ልጄ ማህሌት ናት። የሰባት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ባሕር ዳር ባለች ከተማ ስለ ባሕር ፍጥረታት ትማራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እሷም ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደውላ፣ ሙዚየም በሆነ አሮጌ የጦር መርከብ ላይ ለአዋቂዎች ብቻ የሚዘጋጅ የሳይንስ ምሽት እንዳለና እሷም እዚያ እንደምታስረዳ ነገረችኝ። "አባዬ፣ መምጣት ትፈልጋለህ?" አለች። "አይ፣ ሥራም አለብኝ፣ አንቺም አትቸገሪ" አልኳት። "ኦኬ" ብላ ወሬ ቀየረች። እኔ እኮ ያደግኩት ሁለቴ ሦስቴ "በሞቴ" ሳይባል እሺ ማለት ነውር በሆነበት ቤት ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩት። ሲቀር ትኬቱን ራሴ ቆረጥኩ፤ ሠላሳ ዶላር።

ወደ ደቡብ

ከፎርት ዎርዝ በኋላ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። ዌኮ ሳልደርስ አንድ ዳቦ ቤት ቆምኩ። ዓርብ ስለሆነ ቋሊማ ያለበትን ዳቦ ትቼ ጥቁር ቡናና ኦቾሎኒ ያዝኩ። ሻጯ "ለአንድ ሰው ብቻ?" አለች። "ለአንድ ሰው" አልኳት፤ ደስ አላለኝም። ኦስቲን ላይ የመኪና ሰልፍ አንድ ሰዓት በላብኝ። ሳን አንቶኒዮ ነዳጅ ቀዳሁ። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኝ የማሽላ ማሳ ነው፤ ነፋሱ መኪናዬን ይገፋል። ለማህሌት የምላትን ጮክ ብዬ ስለማመድ ዋልኩ። አንዱም አልጣመኝም።

መርከቡ

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። መርከቡ ውኃ ላይ የተጋደመ ፎቅ ያህላል። መግቢያው ላይ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀኝ፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች አይገባም። ሽበቴን እያየ የልደት ቀኔን ሲመረምር ሳቄ መጣ።

ውስጡ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደ ጭስ በሚተን ቀዝቃዛ ፈሳሽ አይስክሬም ይሠራሉ፤ ሌላው ላይ የዓሣ ሆድ ቀደው ያሳያሉ። እኔ ቢራ ይዘው ከሚሳሳቁት መሃል እጄን የማደርግበት አጣሁ። የቀድሞ ባሕርተኛ የነበሩ አስጎብኚ አዛውንት ጠጋ ብለው "ማንን ፈልገው ነው?" አሉኝ።

"ልጄን።"

"ዛሬ እኮ ልጅ አይገባም!"

"ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አስረጂ ናት" አልኳቸው፤ ይህን ስል ኩራቴ ለራሴም ገረመኝ። በጠባቡ የብረት ደረጃ ወደ ታች ጠቆሙኝ።

ማህሌት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበረች። የባሕር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ስትነቀንቅ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ የሚያበሩት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ናቸው አለች። ሰልፍ ያዝኩ። ከእንግሊዝኛዋ የገባኝ ግማሹ ነው፤ ሰው ሲስቅ ግን አብሬ ሳቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ጠርሙሱን አቀበለችኝና በዚያው ብርሃን ፊቴን አየችው።

"አባዬ! ሥራ አለኝ አላልክም?"

"ቀየርኩት።"

"ለምን ኮል አላደረግክም?" አቀፈችኝ። ከኋላዬ ሰው ስለቆመ ግን ወዲያው ለቀቀችኝ። "እስኪያልቅ ጠብቀኝ፣ ኦኬ?"

ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዬን ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስትጨርስ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መጣች። "እራት ልንበላ ነው፤ አብረኸን ና" አለችኝ። ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ለዚህች ቃል ነበር፤ ሆዴም ባዶ ነው።

"አይ፣ እኔ በልቻለሁ፤ እናንተ ተጫወቱ" አልኩ።

"ኦኬ አባዬ። ስትደርስ ቴክስት አድርግልኝ።"

እየተሳሳቁ ወረዱ። መኪናቸው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁና አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ።

መመለስ

ቅዳሜ ካደርኩበት ሞቴል ተነስቼ ሬዲዮ ሳልከፍት ነዳሁ። ሳን አንቶኒዮ ድረስ በእሷ ተቀይሜ ነበር። ኦስቲን ስደርስ ግን ሁለቴ የጠራችኝ እሷ፣ ሁለቴ አይ ያልኩት እኔ መሆኔ ታየኝ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።

"ማህሌት፣ ትናንት እራት አልበላሁም ነበር።"

"ዋት? ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልክ?"

"ደግመሽ ትለምኚኛለሽ ብዬ።"

"አባዬ፣ ማሚ ከሞተች ጀምሮ በጠራሁህ ቁጥር አይ ትላለህ። ማለቴ... እሷን ስለምመስል እኔን ማየት የከበደህ መስሎኝ ነበር። አንዴ ለመጠየቅ ራሱ ስንት ቀን እንደማስብ ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር።

"የሚቀጥለው ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ መጥቼ አብሬሽ እራት ልብላ?" አልኳት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ "አይ ትለኝ ይሆን?" እያልኩ በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ለካ ልጄ እኔን ስትጠይቅ የኖረችው እንዲህ ሆና ነው።