የኔታን ያወፈራቸው ክኒን

አባቴ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ሰውነታቸው ከመቋሚያቸው ብዙም የማይወፍር። ወገባቸውን ቢያማቸው አዲስ አበባ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሞቹ የአጥንት መቅኔ ካንሰር ነው ብለው ክኒን አዘዙላቸው። እኔ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ስለነበርኩ ክኒኑን እያስመጣሁ እወስድላቸው ነበር።

ሕመሙ ጋብ አለ። እየቆየ ግን ክኒኑ ራሱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ፊታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፣ ሆዳቸው ተቆዘረ፣ ክንድና ቅልጥማቸው ግን ሰለለ። በልተው ሳይነሱ ይርባቸዋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ዝናብ ቀርቶ አገሩ በተራበበት ዓመት! ሌላው ካህን መቀነቱን ሲያጠብቅ የአባቴ ቀሚስ አልቆለፍ አለ።

ክኒን ላደርስላቸው በሄድኩበት አንድ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ዳዊት ያስደገሙት አባቴ ነበሩና መጀመሪያ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ። የደበቁትን እህል ያውጡ።»

«የምን እህል፣ ልጄ?»

«ፊትዎ ላይ ይታያል እኮ!»

ወለሉን ቆፈሩት። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና «ካገኛችሁ ለኔም ቆንጠር አድርጉልኝ» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ርቧቸዋል። የተገኘው ግን አንድ ስባሪ ማድጋ ነው።

ንድድ ብሎኝ የክኒኑን ብልቃጥ አወጣሁ። «ያወፈራቸው ይሄ ነው!»

ሊቀመንበሩ ብልቃጡን አገላብጦ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለባለቤቴ ሁለት ፍሬ አይገኝም?»

በማግስቱ ደጃችን ክኒን በሚለምን ሰው ተሞላ። አባቴ «እብጠት ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም» ቢሉ ማን ይስማ! አንዱ ቄስ እንዲያውም «የኔታ ለብቻዎ ይወፍራሉ?» ብለው ተቀየሟቸው።

ልመናውን ያስቆመው ሳል ነው። አባቴ አንዲት እናት ሊባርኩ ተነስተው ሳል ሲሉ ጎናቸው ቀጭ አለ። ክኒኑ አጥንታቸውንም አመንምኖት ኖሯል። ጩኸታቸውን የሰማ ሁሉ ዳግመኛ ክኒን አልጠየቀም። በቃሬዛ ንፋስ መውጫ ስናደርሳቸው ከፊት የተሸከመው ሊቀመንበሩ ነበር።

«እንዴት ይከብዳሉ፣ የኔታ!» አለ እያለከለከ።

«እህሉ ነው» አሉ አባቴ ከቃሬዛው ላይ።

ሐኪሙ ክኒኑን ቀስ በቀስ ቀነሰላቸው። የጎናቸው አጥንት ገጠመ፣ ተቀምጠው ማስተማርም ጀመሩ። ማኅሌት መቆም ግን ቀረ፤ ከሁሉም ያ አመማቸው። በበዓል ቀን ከበሮው ከቤተ ክርስቲያን ሲሰማ፣ ትራስ ተደግፈው በጣታቸው መደቡን እየመቱ ይከተሉት ነበር።