የሦስት በጋ አንጮቴ

ሃዋኒ አሻፈረኝ ካለች አበቃ፤ አስታራቂም አይመልሳት። በ2014 ዓ.ም. አምቦ ላይ ማስተርሷን ስትሠራ፣ ያንን ሥሩ ተቆፍሮ የሚበላውን አንጮቴ ይዛ ጂኖቹን በኮምፒውተር ትለቅም ነበር። ፕሮግራሙ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ፊደላትን ያነብና «ጂኑ ከዚህ እስከዚህ ነው» ይላል። መቼም ዘመዶቹን ዱባና ኪያርን ሲማር ያደገ ፕሮግራም ስለ አንጮቴ ምን ያውቃል!

አንድ ቦታ ላይ ነገሩ አላማራትም። ፕሮግራሙ ሁለት ስብርባሪ ጂኖች አሉ ብሎ «አይሠሩም» የሚል ምልክት ለጥፎባቸዋል። እሷ ደግሞ መሀሉ ሰፊ ክፍተት ያለው አንድ ደህና ጂን ነው ባይ ናት። ማስረጃ ግን የላትም። የሚሠራ ጂን ሁሉ አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ይተዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ቅጂ የሚባል ነገር የለም።

«ሰርዢውና ቴሲስሽን አስገቢ» አሏት አማካሪዋ ዶክተር ዲንሳ። «ምረቃው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከሶፍትዌሩ ልትበልጪ ነው?»

«በአንጮቴማ እበልጠዋለሁ፣ ዶክተር። አልሰርዝም።»

ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ጌዶ፣ እናቷ ጓሮ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ «ምረቃው መቼ ነው?» እያለ አንገበገባት። እናቷ ወይዘሮ ኡርጌ ግን ነገሩን አዳምጠው ሌላ ጠየቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንጮቴውን ከየት አመጣሽው?»

«ከአምቦ ገበያ ነዋ።»

ኡርጌ ሳቁ። «ገበያ የሚወጣውማ የዘንድሮው ለጋ ነው። ለዘር ብለን መሬት ውስጥ የምንተወውን ማን ይሸጥልሻል? ይኸው፣ ይሄ ሦስት በጋ ሳይበሰብስ ተቀምጧል።»

ሃዋኒ በራሷ ተናደደች። ስትኮተኩተው ያደገችውን ነገር ረስታ፣ እንደ ማንኛውም የአምቦ ሰው በፌስታል ገዝታ ላብራቶሪ ገብታለች!

አሮጌውን ሥር ቆፍራ አወጣች፤ ቆራርጣም ለምርመራ ላከች። ውጤቱ አምስት ወር ፈጀ። ሲመጣ ቅጂዎቹ ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ስብርባሪዎች ገጥመው አሳዩ። አንድ ጂን ነው፤ በለጋው ሳይሆን መሬት ውስጥ በከረመው ሥር ይሠራል።

ዶክተር ዲንሳ የመጨረሻውን ፋይል ከፍተው ወደ ታች አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ዓምድ ላይ አሳረፉ። ከእያንዳንዱ ጂን ፊት ጂኑን ያገኘው ፕሮግራም ስም ተጽፏል፤ ከዚያኛው ፊት ግን «ኡርጌ» ይላል።

«ይሄ እኮ የሶፍትዌር ስም የሚጻፍበት ነው» አሉ።

«ያገኘው የሚጻፍበት ነው፣ ዶክተር» አለች ሃዋኒ። «ይሄንንም አልሰርዝም።»