የፈረንጅ ሩዝ በጉርድ ሾላ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ተከትዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሱፐርማርኬት ገብቼ ነበር። ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አነሳችና ጀርባውን ማንበብ ጀመረች። ከነቅመሙ የታሸገ ቡናማ ሩዝ ነው። «አባዬ፣ ፋይበሩ ጥሩ ነበር፣ ሶዲየሙ ግን በዛ» አለችኝ። ተቀበልኳትና ያለ መነጽር ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ቡናማው ሩዝ ከነጩ የሚሻለው ልባሱ ስላልተገፈፈ እንደሆነም አስረዳኋት። እሷ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት፤ እኔ ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ራሴው ነኝ። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶንና ከቆርቆሮ ላይ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ አንድ ቪላ ውስጥ አትክልተኛ ነበርኩ። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የምንላት ፈረንጅ፣ የምትጥለውን ማሸጊያ ሁሉ እሰበስብና ምሳ ሰዓት ላይ ጽጌረዳው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሽፋኑ የረገፈ መዝገበ ቃላት ይዤ እፈታው ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ፕሮቲን ምን እንደሆነ፣ ካሎሪ ምን እንደሚለካ ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ወጣት አልነበረም። መምህራኑን ጨምሮ ነው የምላችሁ።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በጥቅምት፣ ታናሽ ወንድሜን ሙሉጌታን ገደሉት። ሬሳውን አልሰጡንም። ከቀበሌ አንድ ሰው መጣና «ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ሰው አይሰበሰብም» ብሎን ሄደ። በራችን ላይ አብዮት ጠባቂ አቆሙብን። ግርማ ይባላል፤ ከሙሉጌታ ጋር ኳስ ሲራገጥ ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። አጥሩን ከረከምኩ፣ ሣሩን አጠጣሁ። ውሃው እግሬ ላይ ሲፈስ ቅዝቃዜው አይታወቀኝም ነበር።

እማዬ መብላት አቆመች። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ወተት ባቀርብ፣ እንጀራ በወጥ ባቀርብ ዞር ብላ አታይም። ከአልጋዋ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ ስትጀምር ተከታይዋ ሟች እሷ እንደሆነች ገባኝ።

በዚያው ሰሞን ማዳም አገር ልትለቅ ጓዟን ስታዘጋጅ ከጓዳ የተረፋትን ሰጠችኝ። ከውስጡ ሁለት ካርቶን ቡናማ ሩዝ ነበረበት። ከወሎ ሰፈር ጉርድ ሾላ ድረስ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። ያኔ መንገዱ ሜዳና ባሕር ዛፍ ነው፤ ስንዴው ሊደርስ ብሎ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። የካርቶኑን ጀርባ እያነበብኩ ሄድኩ። አንድ ሰሐን ለሰው ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ብረት እንደሚሰጥ ቤት ሳልደርስ በቃሌ ያዝኩት። እናቴን የሚያድናት እጄ ላይ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ራሴው ቀቀልኩት። ቅመሙ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ነበር፤ እሱንም ጨመርኩበት። ቤቱን የሽንኩርትና የማላውቀው ቅጠል ሽታ ሞላው።

«እማዬ፣ ይሄ እንደ ሌላው ምግብ አይደለም። ፕሮቲን አለው፣ ቫይታሚን አለው» አልኳት።

«ማን ሠራው?» አለች። ከስንት ቀን በኋላ የተናገረችው ይህን ነበር።

«እኔ፣ እዚሁ ጓዳ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ወንፊት ልትዋስ መስላ ገባችና ሽታው አስቆማት።

«አንተ ተሾመ! ሐዘን ቤት እሳት ይነዳል እንዴ? እናትህ የምትጠብቀው ከጎረቤት የሚመጣውን ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አላመጡላትም?»

«አላመጣሁም? ከትናንት በስቲያ ንፍሮ ይዤ መጥቼ ያ ባለ ጠመንጃ መሬት ላይ አልደፋብኝም? ስንዴውን ዶሮ ለቀመው!»

ከዚያ ያልተከፈተውን ካርቶን አነሳችና ቀድዳ ጥቂት ፍሬ መዳፏ ላይ አፈሰሰች።

«ስንዴ ነው?»

«ሩዝ ነው። ልባሱ ስላልተገፈፈ ነው የጠቆረው።»

«እንዲሁ፣ ፍሬው እንዳለ ነው የሚቀቀለው?»

«አዎ።»

መዳፏን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ካርቶኑን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ እሑድ ስለነበር ቤት ነበርኩ። እኩለ ቀን ላይ ከበር ላይ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። ስወጣ ግርማ በጠመንጃው መንገዱን ዘግቶባታል። እሷ በአንድ እጇ የተከደነ ሰሐን፣ በሌላው ባዶውን ካርቶን ይዛለች።

«ንፍሮ ነው» ይላል ግርማ። «እትዬ፣ እኔን እሳት ውስጥ አይክተቱኝ።»

«የፈረንጅ ሩዝ ነው አልኩህ! ንፍሮ ካርቶን ኖሮት ያውቃል? ተሾመ፣ አንብብለት!»

ካርቶኑን ተቀበልኩና አነበብኩ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ መንገደኛው እስኪሰማ ጮክ ብዬ። ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬት፣ ቫይታሚን ቢ፣ ብረት። አንድም ቃል አልተሳሳትኩም።

«ብረት ምግብ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ ግርማ።

«ለደም ነው።»

ግርማ ወደ መንገዱ ዞረና «ይግቡ» አለ።

እትዬ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክዳኑን ገለጠች። እማዬ ዞር አለች። ሰሐኑን አየችው፣ ከዚያ ጥቂት ፍሬ በጣቶቿ አነሳች።

«ንፍሮ» አለች።

«አዎ እህቴ። ነፍስ ይማር። ብዪ።»

በላች። ቀስ እያለች፣ ፍሬ በፍሬ፣ እንባ ሳይወጣት በላች።

«ቅመሙስ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ያ ቢጫ ዱቄት? ጣልኩት። ንፍሮ ከጨው ሌላ ምን ያምረዋል?»

«ቫይታሚኑን እኮ ነው የጣሉት!»

«ዝም በል አንተ!»

ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። አንዷ ጎረቤት ትመጣለች፣ ሌላዋ ትቀጥላለች፤ ሁሉም ሰሐንና ያንኑ ባዶ ካርቶን ይዘው። ሩዙ አልቋል፤ ሰሐኑ ላይ ያለው የለየለት ስንዴና ባቄላ ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ ነበር የሚመጡት፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ። ግርማ ሰሐኑን ገልጦ አላየም። «አንብብ» ይለኛል። አነባለሁ። እሱ መንገድ መንገዱን እያየ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ ሳልጨርስ አሳልፏቸው አያውቅም።

እማዬ ዳነች፤ ብዙ ዘመንም ኖረች። ሩዝ ግን ቤቷ አስገብታ አታውቅም፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኋት። ሰው ስለ ምግብ ሲጠይቀኝ ዛሬም አስረዳለሁ፤ ስለ ፋይበር፣ ስለ ሶዲየም፣ ሐኪም እንኳ እንደ እኔ አያብራራውም። የዚያን ሰሞን ግን ከሰሐኑ ላይ የትኛው እናቴን እንዳነሳት ብጠየቅ የማውቀው መልስ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ሩዙን መደርደሪያው ላይ መለሰችው፤ ሶዲየሙ በዛ ብላ። ለሙሉጌታ ካህን አልመጣለትም፣ ፍትሐትም አልተደረገለትም። በሐዘኑ ሰሞን በራችን ላይ ጮክ ተብሎ የተነበበው ካሎሪው፣ ፕሮቲኑና ብረቱ ብቻ ነው። ያነበብኩትም እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል አልተሳሳትኩም።