መኪናዋን ያደረቅንበት ጠዋት

መኪና ማጠብ አልወድም። ላቫጆ ወስጄ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ ከፍዬ ስወጣ እንኳ ገና አስፋልት ሳልደርስ ስፖኪዮው ውስጥ የተደበቀው ውሃ በበሩ ላይ ቁልቁል ይወርድና አቧራ ይዞ ይደርቃል። ያ መስመር ያናድደኛል። መኪና ከውጭ ሲያዩዋት ልሙጥ ትመስላለች እንጂ ውሃ የሚያድርባት ጉድጓድ ብዙ ነው። እኔ ሁሉንም ያወቅኋቸው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረው ታላቅ ወንድሜ አርፏል። የደወሉት መካኒሳ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን ጉዳይ ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው።

“ለእናትህ እንዳትነግራት” አሉኝ። “ደም ብዛት አለባት፤ ብቻዋን ሆና መስማት የለባትም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበን እንመጣለን። ለአንዲት ሌሊት ነው ልጄ፤ ሆድ ይፍጀው በልና እደር።”

እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ደብዳቤ ጨረስኩ፤ ወስጄም ማኅተም አስመታሁበት። ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ጀግና ለመባል አይደለም። ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ ቢቆነጥጡት እንደማይሰማው፣ እኔም እንደዚያ ሆኜ ነበር።

ችግሩ፣ በዚያው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴን ይዣት ሐዋሳ ልሄድ ቃል ገብቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ “እየተሻለው ነው” ስንላት ቆይተን፣ በመጨረሻ “በዓይኔ ካላየሁት እህል አይወርድልኝም” ብላ አስጨንቃን ነው። ጉዞው ቀረ ብላት ለምን ትለኛለች፤ እንሂድ ብላት ደግሞ ወዴት? ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ ድረስ አንዲት ሰዓት ማቆየት ነበረብኝ፣ ፊቴ ሳያሳብቅብኝ።

ጎህ ሲቀድ ለቡ መብራት ኃይል ያለችው ጠባብ ግቢያችን ውስጥ ባልዲና ፎጣ ይዤ ወጣሁ። አሮጌዋን ዲኤክስ መኪናዬን ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ አጠብኳት። ልክ አሥራ ሁለት ሲል እናቴ ለባብሳ ብቅ አለች። በአንድ እጇ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ለወንድሜ የገዛችውን ፒጃማ የያዘ ፌስታል።

“ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?” አለችኝ። “ሌላ ጊዜ ለምኜህ የማታጥባትን!”

“ሆስፒታል ግቢ ቆሽሻ ትግባ እማ?”

“ወንድምህ እኔን ነው የሚያየው ወይስ ጎማዋን? በል ተነስ፣ ፀሐይ ሳይወጣብን።”

“ትንሽ ትድረቅ። እርጥብ ከወጣች አቧራው ሁሉ ይጣበቅባታል።”

ይህ ውሸት አልነበረም። በዚያ ጠዋት የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ማድረቅ ጀመርኩ። የበሮቹን እጀታ እያነሳሁ ከኋላቸው ያለውን ጎድጓዳ በጣቴ ጠረግሁ። ካቻቢቴ ላይ ካልሲ አልብሼ በታርጋው ጀርባ አሾለክሁት። በፍሬቻው ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ በአፌ እፍ እፍ አልኩት። የዝናብ መጥረጊያዎቹን አንስቼ ከሥራቸው ያለውን፣ የመስኮቱን ጎማ ገልብጬ ውስጡን ጠረግሁ። በሩን ከፍቼ መልሼ ስዘጋው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሃ ጠብ ይላል፤ እሱንም ጠረግሁ። ስለ ወንድሜ አላሰብኩም። ስለ ውሃው ብቻ ነበር የማስበው፣ እንዲያውም ባያልቅ እያልኩ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ፔርሙዙንና ፌስታሉን ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አንዱን ፎጣ አነሳች።

“አንተ ከሆንክ የምታደርቃት ለምሳ ሰዓትም አንደርስም” አለችና ከወዲያኛው ጎን ጀመረች።

ቶሎ ልጇ ጋ ለመድረስ ነው የምትሠራው። እጇ ደግሞ እንደኔ አይደለም፤ የነዳጁን መክደኛ ከፍታ ውስጡ የቋጠረውን ውሃ አገኘች። “አየህ? ዓይን ያለው ሰው አላጠባትም!” ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ እንዴት ያለ እንደነበር እንጃ። ጊዜ ለማራዘም ያቆየሁትን ጉድጓድ ሁሉ እየተከተለች ጨረሰችብኝ፤ ስፖኪዮውን ሳይቀር ወደ ውስጥ አጥፋ፣ የፎጣውን ጫፍ አሹላ እስከ ማጠፊያው ድረስ አደረቀችው።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ሽማግሌው የላኩት መልእክት ነው፤ ሀይሌ ጋርመንት ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲያቸው ቆሟል። አንድ ሰዓት አልፏል። መኪናዋ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለችም።

እናቴ ዕቃዋን ልታነሳ ወደ ደረጃው ዞረች። እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ከባልዲው በጣሳ ውሃ ቀዳሁና ያደረቀችው ስፖኪዮ ላይ አፈሰስኩት። ውሃው በበሩ ላይ ሲወርድ ቀና ብል ፔርሙዟን ይዛ ቆማ ታየኛለች። መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ ቀስ እያለ ፊቷ ተለወጠ።

“ልጄ” አለችኝ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። “ማንን ነው የምንጠብቀው?”

ዋሽ ቢሉኝ ሌላ ውሸት አልቀረኝም። “ሽማግሌዎቹን” አልኳት።

ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እሷ ራሷ ስንቱን ደጅ አብራቸው አንኳኩታለች። ፔርሙዙን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

“መቼ?”

“ትናንት።”

“አንተ መቼ ሰማህ?”

“ትናንት፣ ከሰዓት በኋላ።”

“እና እስካሁን ብቻህን ነው የያዝከው?”

“አዎ” አልኳት።

ጠጋ ብላ መጀመሪያ ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችኝ። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።