ብርጭቆ ይዛ የምትመጣው

ዝናብ ሲያባራ ሰው ሁሉ ጭቃውን ሸሽቶ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሷ ጎርፍ ወደ ሸረሸረው ቦረቦር ትወርዳለች። ስሟን አላውቅም። የማውቃት ዳገቱን ከጎርፍ ከሚያድነው የሰፈራችን ማኅበር ጋር፣ አፈሩን አስቀርቶ ውሃውን የሚለቅ የድንጋይ ካብ ስትክብ ነው። ካፖርቷ የወንድ ነው፤ እጅጌው ታጥፎም ጣቶቿን ይሸፍናል። ከኪሱ የሻይ ብርጭቆ ታወጣና ከካቡ ሥር ጎርፉን ትቀዳለች። ከዚያ ከብርጭቆው ጀርባ ጣቶቿን ዘርግታ፣ በውሃው ውስጥ ይታዩ እንደሆነ ለማየት ወደ ብርሃን ታነሣዋለች።

ቦረቦሩ የልብስ ሰፊውን አጥር በልቶ ወደ ጓዳው ተጠግቷል። ሰውየው ጭንቀቱን በቀልድ ሸፍኖ ይጠይቃታል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ሻዩ ቀጠነ?»

«ገና ነው ጋሼ፤ ማንኪያ ያቆማል።»

አንድ ቀን፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ልብሽን የሰጠሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የአባቴ ማሳ በጎርፍ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ፣ እማማ» አለችና የካፖርቱን ኮሌታ ቀስ ብላ አቀናች።

ትናንት ሰማይ የተቀደደ እስኪመስል ዘነበ። ካቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲያባራ ወርዳ ቀዳች፣ ወደ ብርሃን አነሣች። ልብስ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ከቤቱ ወጣ።

«ታዩኝ!» ብላ ጮኸች። «ጣቶቼ ታዩኝ! ጋሼ፣ ይምጡና ይቁጠሯቸው!»

እሱም መነጽሩን አስተካክሎ በብርጭቆው ውስጥ አንድ በአንድ ይቆጥርላት ጀመር። አውራ ጣቷ ላይ ሲደርስ ሳቅ አሸነፈውና እንደገና ከአንድ ጀመረ።